የዓዲላ አጀብ

በከሚሴ ከተማ ሠላሳ አንድ ዓመት የመልክዓ ምድር ትምህርት አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ የመሄድ ልማድ አውጥቻለሁ። ለሰው የማወራው ሐኪም አዝዞኝ ነው እያልኩ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያዘዘኝ ባጃጁ ነው። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር የባጃጅ ሒሳብ ይጨምራል፤ የባጃጅ ሒሳብ በጨመረ ቁጥር የእኔ እግር ይጠነክራል።

ባለፈው ጥር አንድ ሐሙስ ጠዋት እንዲሁ እየሄድኩ ሳለ፣ ከነዳጅ ማደያው አጥር ሥር ጎረቤቴን ጋሽ እንድሪስን አገኘኋቸው። ጋሽ እንድሪስ መኪና የላቸውም፤ ሞተር የላቸውም፤ የውሃ መሳቢያ እንኳ የላቸውም። ከከተማው ወጣ ብሎ ባላቸው መሬት ማሾና ማሽላ እያመረቱ አምስት ልጅ ያሳደጉ ገበሬ ናቸው። ከትናንት ጀምሮ በቆመው የመኪና ሰልፍ መካከል ምን እንደሚሠሩ ገርሞኝ ጠጋ አልኩ።

"አካም ጅርቱ ጋሽ እንድሪስ? ማደያ ገዙ እንዴ?" አልኳቸው ለቀልድ።

"ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ግን አልሳቁም። "መምህር፣ አላህ ነው ያመጣዎት። የልጄ የዓዲላ ሰርግ ሦስት ሳምንት ቀረው። ለአጀቡ መኪና ልያዝ ብዬ ሾፌሮቹን አንድ በአንድ ስለምን አረፈድኩ። በወንድሟ ሰርግ ጊዜ አሥራ ሁለት መኪና ነበር ያሰለፍኩ። ዘንድሮ በዚያው ገንዘብ አራት እንኳ አላገኝ አልኩ።"

አጠገባቸው የቆመ የሚኒባስ ሾፌር ሰምቶ ጣልቃ ገባ። "ጋሼ፣ ወላሂ ክፋት አይደለም። ይችን ነዳጅ ለማግኘት ሁለት ቀን ቆሜያለሁ። አሁን ጥሩንባ እየነፋሁ ከተማ ለከተማ ላቃጥላት? ኮምቦልቻ መንገደኛ አመላልሼባት ለልጆቼ ዳቦ ብገዛ አይሻለኝም?"

ጋሽ እንድሪስ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"የመኪናው ነገር በገንዘብ ይፈታል፤ ገንዘቡንም ከየት እንደማመጣው አውቄያለሁ። ያስቸገረችኝ ልጂቱ ናት። 'አጀብ አልፈልግም' ብላ ድርቅ አለች። እርስዎ አስተማሪዋ ነበሩ፤ ቃልዎን አትጥልም። ዛሬ ከአስር ሶላት በኋላ ቤት ይምጡና ይምከሩልኝ።"

እሺ አልኩ። የጎረቤት ልመና ነው። ደግሞም፣ አባት ልጁን በክብር ልዳር ሲል ልጅ መከራከሯ እኔንም ቅር ብሎኛል። ስለዚህ አስቀድሜ ልናዘዝ፦ ወደዚያ ቤት የሄድኩት አባትን ልደግፍ እንጂ ልጅን ልሰማ አልነበረም።

ዓዲላን ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። በክፍል ውስጥ እጇን የምታወጣው መልሱን ስታውቅ ሳይሆን ነገሩ ሳይገባት ሲቀር ነበር፤ ለአስተማሪ ከዚህ የበለጠ ተማሪ የለም። አሁን የግብርና ባለሙያ ሆና በጨፋ ሮቢት አካባቢ ገበሬዎችን ትመክራለች። ለሥራዋ የተሰጣት ሞተር ብስክሌት ቤንዚን አጥቶ ስለቆመ፣ ከማሳ ማሳ በእግሯ ትሄዳለች። እጮኛዋ ቶፊቅም የዚያው የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው፤ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራል።

በቀጠሮዬ ሰዓት ስደርስ አባትና እናት፣ ዓዲላም ተቀምጠው ጠበቁኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዙቤይዳ ሻይ አቀረቡልኝ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግኩና ጀመርኩ።

"ዓዲላ ልጄ፣ አባትሽ የሚያደርጉልሽን ክብር ለምን ትገፊያለሽ? ሰርግ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብሽም የጎረቤትሽም ነው።"

"ጋሽ ወንዴ፣ ክብሩን አልገፋሁም" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የገፋሁት ጭሱን ነው። ከዚህ ጨፋ ሮቢት ሩቅ አይደለም። ሰርገኛ ግን በቀጥታ አይሄድም። ከተማውን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ለፎቶ ብሎ ኮምቦልቻ ይወጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። አሥራ ሁለት መኪና፣ ግማሹ ባዶውን! አይበላ፣ አይለበስ፣ ለከርሞ አይቀመጥ። ሰዉ ደግሞ አንድ ሊትር አጥቶ ይሰለፋል።"

"ሰሙልኝ?" አሉ ጋሽ እንድሪስ ወደኔ ዞረው። "ዱሮ እናቷን ሳመጣት በበቅሎ ነው ያመጣኋት። ያኔ ያለን እሱ ነበር። ዛሬ ዘመን ተሻሽሎ መኪና ሲመጣ ልጄን ከበቅሎ ያነሰ ላድርጋት?"

"እማ በበቅሎ በመምጣቷ ክብሯ ጎደለ እንዴ አባ?"

ወይዘሮ ዙቤይዳ ሳቃቸው አመለጣቸው። "በቅሎይቱም የኛ አልነበረች፤ የተዋስናት ናት" አሉ። ጋሽ እንድሪስ እንኳ ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመለሰና፣ እኔ ሳላስበው የቀረሁትን ነገር ተናገሩ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ስሚኝ። አጀብ ጌጥ ብቻ አይምሰልሽ። ያ ሁሉ መኪና ከኋላሽ ሲሰለፍ የባልሽ ዘመድ 'ይቺ ልጅ ሰው አላት' ይላል። ነገ ክፉ ቃል ሊናገርሽ ያሰበ ሰው ያንን ሰልፍ አስታውሶ አፉን ይይዛል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሁልጊዜ አልኖርልሽም። ይህ አባት በሕይወት እያለ ለልጁ የሚተክልላት አጥር ነው።"

እኔ በመጽሐፍ ብዙ የደከምኩ ሰውዬ፣ እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ አባት በልባቸው ምን ያህል ነገር ይዘው እንደኖሩ ያኔ አየሁ። እኛ የተማርነው የሽማግሌን ልማድ ቶሎ 'ከንቱ' እንለዋለን፤ ከበስተጀርባው ግን ብዙ ጊዜ ፍቅር አለ። የዓዲላም ዓይን እንባ አቀረረ።

"አባ፣ ይህን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ለይስሙላ ይመስለኝ ነበር፤ አውፍ ይበሉኝ" አለች። ከዚያም ቀጠለች። "ግን አጥሩ የሚተከለው በምን እንጨት ነው? ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት እኔም አውቃለሁ። ቦራን ሊሸጡት ነው።"

"ቦራን?" አሉ ወይዘሮ ዙቤይዳ፣ የያዙትን ብርጭቆ መሬት አስቀምጠው። ነገሩን እስከዚያች ሰዓት አያውቁም ነበር።

ቦራ ከሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው አንዱ፣ ግንባረ ነጩ ነው። ጋሽ እንድሪስ አንገታቸውን ደፉ። ዓዲላ አባቷን ለማሳፈር እንዳልተናገረች ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

"ሥራዬ ስለሆነ ነው የምናገረው። የበልግ ዝናብ ሊጥል ሁለት ወር አይሞላውም። በአንድ በሬ አይታረስም። ለመቀናጆ የሰው በሬ ይለምናሉ፤ ባለቤቱ ደግሞ የራሱን ሳይጨርስ አይሰጥዎትም፤ እስከዚያ እርጥበቱ ያልፋል። ትራክተር ልከራይ ቢሉ እሱም የሚጠጣው ነዳጅ ነው። አባ፣ እኔ ሰው እንዳለኝ የቶፊቅ ቤተሰብ የሚያውቀው አንድ ቀን በታዩት መኪናዎች አይደለም። ቤቴ ሲጎድል እርስዎ ማሽላ አስጭነው ሲመጡ፣ ስታመም እማ ስትጠይቀኝ ነው። ጎተራዎ ከተራቆተ በምን እጅዎ ይመጣሉ?"

ይህን ጊዜ ወይዘሮ ዙቤይዳ ቃል ጨመሩ። እስከዚያ ድረስ በክርክሩ ያልገቡት ለባላቸው ክብር ብለው እንደነበር እገምታለሁ።

"መምህር፣ እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ ገበያ ግን አውቃለሁ። መኪና ያላመጣው ምን አለ? ዘይቱ በመኪና ነው የሚመጣ፤ ሳሙናው በመኪና፤ ስኳሩ በመኪና። ወፍጮ ቤት ብሄድ 'ነዳጅ ጨምሯል' ይለኛል። ሽንኩርት ሻጯ ብትቀር እሷም 'ነዳጅ' ትለኛለች። ይኸው ወጡ ላይ ዘይት በማንኪያ መለካት ከጀመርኩ ሰነበትኩ፤ እሱ እንዳይከፋው ብዬ አልነገርኩትም። ነዳጅ ከኛ ቤት መሶብ ድረስ ገብቶ እየበላ፣ እኛ ደግሞ በሬ ሸጠን እናብላው?"

ከዚያ ጋሽ እንድሪስ የተናገሩት ቃል የነገሩን ሥር አሳየኝ።

"ያላችሁት ሁሉ እውነት ነው። ግን ማን ይጀምረው? ሀብታም ቢተወው 'ጨዋ' ይባላል። እኔ ብተወው 'እንድሪስ ደኸየ' ነው የሚባል። የቶፊቅ አባት፣ አብዱልፈታህ፣ ስምንት መኪና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። እሱ በስምንት መጥቶ እኔ በባዶ ልቀበለው? አይሆንም!" ብለው ለመግሪብ ሶላት ተነሡ።

እኔ መካሪ ሆኜ የሄድኩት ሰውዬ ተመክሬ ወጣሁ። በር ላይ ዓዲላን "ማሪኝ ልጄ፣ ያስተማርኩሽን ዛሬ አስተማርሽኝ" አልኳት። እሷ ግን አላሸነፈችም፤ ስለዚህ አልተደሰተችም።

እሑድ ጋሽ እንድሪስ መጡና፣ "ነገ ባቲ አብረውኝ ይሂዱ፤ ገንዘብ ስይዝ ሰው ይኑረኝ" አሉኝ። እዚሁ ከሚሴ ወይም ጨፋ ሮቢት ለምን እንደማይሸጡት ብጠይቃቸው፣ "ባቲ ዋጋ ይሻላል" አሉ። ዓይኔን ግን አላዩኝም። የሚያውቃቸው ሰው ፊት መሸጡ እንዳሳፈራቸው ገባኝና እሺ አልኩ።

ሰኞ ቦራን በአይሱዙ ጭነን ሄድን። የጭነቱ ክፍያ ራሱ ጋሽ እንድሪስን መንገዱን ሁሉ አስተከዛቸው። የባቲ ሰኞ ገበያ እንደልማዱ ጢም ብሏል። የአፋር አርብቶ አደሮች ግመልና ፍየል ይዘው ከታች ወጥተዋል፤ ደገኛው እህልና በሬ ይዞ ወርዷል። ቦራ ገና ገበያው ውስጥ ሲገባ ዓይን ጣሉበት። አንድ ደላላ መጥቶ ጥርሱን አየ፤ ሻኛውን ጨበጠ፤ ጥሩ ዋጋም ጠራ። ጋሽ እንድሪስ ገመዱን በእጃቸው ላይ አንዴ ይጠመጥማሉ፣ አንዴ ይፈታሉ። "ትንሽ ጨምር" ይላሉ፤ ሲጨምርም ልባቸው አይረጋም።

በዚህ መካከል፣ ከላሞቹ ወገን አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ አየሁ። ጥጃዋ ከጎኗ የቆመ አንዲት ቀይ ላም ይዘዋል። እኛን ሲያዩ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ ግን ዘገዩ። ጋሽ እንድሪስ ዞር ሲሉ ፊት ለፊት ገጠሟቸው።

የቶፊቅ አባት፣ አቶ አብዱልፈታህ ነበሩ።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ አንዱ። "ወአለይኩሙ ሰላም" አሉ ሌላው። ሁለት የተከበሩ አባቶች፣ ሁለት ገመድ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ከብት እያየ ቆሙ።

በመጨረሻ አቶ አብዱልፈታህ ቀደሙ። "በሬዋ... በሬው ያምራል" አሉ ምላሳቸው እየተሳሰረ። "ሊለውጡት ነው?"

ጋሽ እንድሪስ መዋሸት ይችሉ ነበር። 'አዎ፣ አርጅቶብኝ ነው' ማለት ይበቃቸው ነበር። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ እኚህን ሰው የማደንቃቸው፣ በዚያች ሰዓት ውሸት በእጃቸው ሳለ እውነትን ስለመረጡ ነው።

"አይደለም" አሉ። "ለአጀብ ልሸጠው ነው። ሌላ የለኝም።"

አቶ አብዱልፈታህ ላሚቱን በመዳፋቸው ደባበሱ። "አላህ ይወቅልኝ፤ እኔም ለአጀብ ነው። ስምንት መኪና ብዬ የላክሁብዎት ያለኝ መስሎ አይደለም። እርስዎ በወንድሟ ሰርግ አሥራ ሁለት አሰልፈው ነበርና፣ እንዳንስብዎት ፈርቼ ነው። ይቺን ላም ያሳደግናት ሙሽራዋ ስትገባ ወተት እንድታገኝ ብለን ነበር። ይኸው ገና ሳትገባ ወተቷን ልሸጥባት መጣሁ።"

ጋሽ እንድሪስ መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ስል፣ ለካ ሳቅ ነው። አቶ አብዱልፈታህም ተከተሏቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በባቲ ገበያ መካከል ተቃቅፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ደላላው ግራ ገባው። "ሽማግሌ፣ ይሸጡታል አይሸጡትም?"

"አልሸጥም!" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "ሂድ የኔ ልጅ፤ ይህ በሬ ማረሻ ይጠብቀዋል።"

ከዚያ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ጋሽ እንድሪስ በዚያ ምሽት ልጃቸው የነገረቻቸውን ሁሉ ለአቶ አብዱልፈታህ አንድ በአንድ ነገሯቸው፤ አንድም ቃል ከራሳቸው ሳይጨምሩ፣ 'ዓዲላ እንዲህ አለች' እያሉ። ሲጨርሱም፣ "እኔ ማን ይጀምረው ብዬ ፈራሁ። እርስዎም ፈሩ። ስንት አባት ነው እንዲህ እየተፈራራ ከብቱን የሚያወጣ?" አሉ።

"እንግዲያ ለምን አብረን አንጀምረውም?" አሉ አቶ አብዱልፈታህ። "ሁለት ሰው አብሮ ሲጀምረው ሐሜቱን አንድ ሰው ብቻውን አይሸከመውም። ለመንገዱ አንድ ቅጥቅጥ አውቶብስ ይበቃናል፤ የኔም የእርስዎም ሰው በሱ ይሄዳል።"

"ዲናችንም ማባከንን አይወድም" አሉ ጋሽ እንድሪስ። "ይህንንም ልጄ ሌላ ጊዜ ነግራኝ ነበር፤ ጆሮዬ ግን ሐሜት ሲፈራ ሌላ አይሰማም ነበር።"

በሬውም ላሚቱም ጥጃዋም በአንድ አይሱዙ ተጭነው ተመለሱ። ጋሽ እንድሪስ የጭነቱን ክፍያ ሲከፍሉ፣ "ይቺ የሞኝነታችን ቀረጥ ናት" አሉ፤ እንደ ጠዋቱ ግን አልከፋቸውም።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ጠዋት ስሄድ ጋሽ እንድሪስ ደጃፉ ላይ ቆመው ሸሚዛቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። ውሳኔ አንድ ነገር ነው፤ የሰው ዓይን ሌላ። መንገድ ላይ የቆሙ ሁለት ጎረምሶች፣ "እንድሪስ ነዳጅ አለቀበት" ብለው ሲሳሳቁ እኔም እሳቸውም ሰማን። ፊታቸው ጠቆረ።

ቅጥቅጡ መኪና አስፋልቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ከቤት እስከዚያ ያለው ጠባብ መንገድ ለቅጥቅጥ አይመችም፤ ስለዚህ ዓዲላ በእግሯ መሄድ አለባት። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ እናቷ በቀኝ አባቷ በግራ ሆነው ከደጅ ወጡ። ያኔ ያላሰብነው ሆነ። የጎረቤት ሴቶች ከበሮ ይዘው ወጡ። የመስጊዱ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉ። ከእኛ ወገንም የሰፈሩ ክርስቲያን ጎረቤቶች፣ የሰንበቴ ማኅበሬ ሰዎች ሳይቀሩ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡበት። ዓዲላ በየማሳው የምትመክራቸው ገበሬዎች ከጨፋ ወገን በጠዋት ተነሥተው መጥተው ኖሯል፤ እነሱም ተቀላቀሉ። አንዱ ዘፈን በኦሮሚኛ ይጀመራል፣ በአማርኛ ይመለሳል። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ኋላዬን ዞሬ አየሁ፤ የሰልፉ መጨረሻ ገና ከሰፈራችን አልወጣም ነበር።

በመኪና ቢሆን የሚያጅባት መቀመጫ ያገኘ ብቻ ነበር። ሌላው ደጁ ላይ ቆሞ አቧራ ይለብስ ነበር። በእግር ሲሆን ግን መቀመጫ የለም፤ ስለዚህ የሚቀርም ሰው የለም።

አቶ አብዱልፈታህ ከቅጥቅጡ ወርደው ወደኛ በእግራቸው መጡ። ሕዝቡን አይተው የጋሽ እንድሪስን እጅ ጨበጡና፣ "ሶዳ ኮ፣ አማቼ፣ ይህን ሁሉ ሰው የሚችል መኪና በአገሩ የለም" አሏቸው። ጋሽ እንድሪስ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙና፣ "ሂጂ፤ አላህ ይከተልሽ" ብቻ አሉ። እነዚያ ሁለት ጎረምሶች ሳይቀሩ ከበሮ ተሸክመው አየኋቸው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገር፤ ምክሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና። የበልጉ ዝናብ ሲጥል ቦራና ጓደኛው በጊዜው ተጠመዱ፤ የጋሽ እንድሪስ ማሽላ ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ በቀለ። ቀይዋ ላም በዓዲላ ቤት ትታለባለች፤ ወተቱ ለቤት ተርፎ እርጎው ይሸጣል፤ ለሳሙናና ለዘይት መደጎሚያ ሆኗል። ነዳጁ አልረከሰም። መንግሥት እንዲህ ያድርግ፣ ነጋዴ እንዲያ ያድርግ ማለት ይቻላል፤ እኔም እላለሁ። ይሁን እንጂ ዋጋውን ማውረድ የማይችል ቤተሰብ እንኳ፣ ነዳጁን ለምን ጉዳይ እንደሚያቃጥል መምረጥ ይችላል። እነዚህ ሁለት ቤቶች መረጡ። ከፋሲካውና ከኢዱ በኋላም በእኛ ሰፈር ሦስት ሙሽሮች በእግር ታጅበው አስፋልት ወጡ፤ ሁለቱ የሙስሊም፣ አንዷ የክርስቲያን ልጅ።

በሰኔ መጨረሻ ጋሽ እንድሪስን ልጠይቅ ማሳቸው ሄድኩ። ማሽላው ጉልበታቸው ደርሶ አረም ይነቅላሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንድ የሚያምር መኪና መንገዱ ዳር ቆመና ሙስዐብ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴ ወረደ። ሃያ መኪና ማሰለፍ የማይከብደው ሰው ነው። ጫማው ጭቃ እየነካው እስከ ጋሽ እንድሪስ ድረስ መጣ።

"ጋሽ እንድሪስ፣ ምክር ፈልጌ ነው" አለ። "ልጄን ልድር ነው። እኔ ገንዘብ አልቸገረኝም። ልጂቱ ግን 'እንደ ዓዲላ ካልሆነ አላገባም፤ ሰው ሁሉ ይከተለኝ' አለችኝ። እኔ ብተወው ሰው ንፉግ ይለኛል ብዬ ፈራሁ።"

ጋሽ እንድሪስ የነቀሉትን አረም ጣሉና እጃቸውን በቁምጣቸው ጠረጉ። "ይልሃል" አሉት። "አልዋሽህም፤ ሦስት ቀን ይልሃል። እኔንም ብለውኛል። በአራተኛው ቀን ግን በዚህ ከተማ ልጁን የሚድር ድሃ አባት ሁሉ ያንተን ስም ጠርቶ 'እሱ እንኳ በእግር ነው የዳረው' እያለ በሬውን ከገበያ ይመልሳል። ሙስዐብ፣ እኔ ስጀምረው ያዳንኩት አንድ በሬ ነው። አንተ ብትጀምረው ስንት በሬ እንደምታድን አስበኸዋል?"

ነጋዴው መኪናውን እዚያው ትቶ፣ ከኛ ጋር እያወራ እስከ ከተማ በእግሩ ገባ።